የውጪኛው ቀዳዳ

የሞዴል አውሮፕላን ዕቃ የሚሸጠው ሰውዬ «ግራም» የሚል ቅጽል የወጣለት በከንቱ አይደለም። ብሎን ለጠየቀው ደንበኛ ብሎኑን ሚዛን ላይ ሳያስቀምጥ ሸጦለት አያውቅም። ክብደት የሚባል ነገር ጠላቱ ነው፤ ጥላቻው ግን ለአውሮፕላን እንጂ ለራሱ አይሠራም፤ በገዛ ሱቁ በር የሚገባው በጎኑ ነው። ደንበኞቹ ይህን እያዩ ከሳቅ ጋር ይታገላሉ። እሱ የሚሸጠውን የሚሸጥ ሌላ ሰው በአካባቢው ስለሌለ ግን ሳቃቸውን ዋጥ አድርገው ይገዛሉ።

ዛሬ እያስለፋችው ያለችው ልብስ ሰፊዋ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ ክርኗን ባንኮኒው ላይ ተክላ፣ አንዴ ይህን አንዴ ያንን ታነሳለች። በአንድ በኩል ያለው ተራ ቀጭን ሽቦ ነው፤ ጫፉ በፒንሳ ይታጠፍና ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ አያጥርም አይረዝምም፣ ከገባበትም በቀላሉ አይወጣም። በሌላ በኩል ያለው ሽቦ ጫፉ ላይ ጥርስ የወጣለት ነው፤ በጥርሱ ላይ ጥፍር የምታህል የፕላስቲክ ሹካ ትጠመዘዛለች። ሹካዋን ወዲህ ቢያዞሯት ሽቦው ያጥራል፣ ወዲያ ቢያዞሯት ይረዝማል፤ አፏን ፈልቀቅ አድርገው ደግሞ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው ሌላው ላይ ይሰኳታል።

«ስሚኝ እህቴ፣» አለ ግራም፣ ሹካዋን ሚዛኑ ላይ እያኖረ፣ «ያንቺ አውሮፕላን ትንሽ ናት። ትንሽ ነገር ደግሞ ሁሉ ይከብዳታል። ይቺን ጭራዋ ላይ ስትሰኪባት ከኋላ ትጎተታለች። ከኋላ የከበደች አውሮፕላን አንዴ አፍንጫዋን ሽቅብ ካደረገች ለምነሽም አትመልሻትም።»

«ባትሪዋን ወደፊት እገፋዋለሁ።»

«ለምን ትደክሚያለሽ? ተራውን ሽቦ ውሰጂ፣ አንዴ አጥፈሽ ተገላገዪ።»

«መገላገል አልፈልግም፤ ማስተካከል ነው የምፈልገው።»

ግራም ተንፍሶ ከመሳቢያው ሌላ ነገር አወጣ፤ መሃሏ የተበሳች፣ አናቷ ላይ ደቃቅ ብሎን ያለባት የብረት ቁራጭ። «እንግዲያው ይቺ አለችልሽ። ጭራው ጋ ሳይሆን ሞተሯ ጋ ነው የምትቀመጠው። ሽቦው መሃሏ ያልፋል፣ ልኩን ስታገኚ ብሎኗን ታጠብቂያለሽ። ክብደቷ ምንም ማለት ነው።»

«ብሎኗ ብትላላስ?»

«ካላጠበቅሻት ትላላለች።»

«አየር ላይ እያለች?»

«ትላላለች አልኩሽ እኮ።»

«ጭራው ጋ ያለውን ቀዳዳስ በሷ መቀየር ይቻላል?»

«ርዝመት ነው እንጂ ቀዳዳማ ምን በወጣት! ደግሞ ቀዳዳ መቀየር ምን ያደርግልሻል?»

ልብስ ሰፊዋ ቦርሳዋን ከፈተች። «ሹካዋን ጠቅልልልኝ፣» አለች።

ቀዳዳ መቀየር ምን እንደሚያደርግ ግራም ጠፍቶት አይደለም፤ ለምን እንደፈለገችው ነው ያልገባው። ከአውሮፕላኗ ጭራ ላይ ወደላይና ወደታች የምትላወስ ቁራጭ አለች። እሷ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ቀንድ ይቆማል፤ ቀንዱ ከሥሩ እስከ ጫፉ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው። ሽቦው ለሥሩ በሚቀርበው ቀዳዳ ከተሰካ፣ ጣት ሪሞቱ ላይ ነካ ሲያደርግ ጭራዋ ብድግ ትላለች። ጫፍ ላይ ባለው፣ በውጪኛው ቀዳዳ ከተሰካ ደግሞ ጣት ቢወራጭም ጭራዋ ፈቀቅ ብትል ነው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ልጅ ይረዳዋል። ከዚህ ትንሽ ነገር ያ ሁሉ ጣጣ ይመጣል ብሎ ማን ጠርጥሮ!

ልብስ ሰፊዋ አንድ ታላቅ ወንድም አላት፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። የሷ የስፌት ክፍልና የሱ ፀጉር ቤት አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ በመሃል በር አለ፤ በሩ ተዘግቶ አያውቅም። እሱ እሷን እስካሁን «ሚጣ» ነው የሚላት፤ ሚጣ እንግዲህ ፀጉሯ ሸብቷል። እሷ ደግሞ «ጋሼ» ትለዋለች። አውሮፕላኑን የጀመሩት ሁለቱም በየትዳራቸው ብዙ ካዩና ብቻቸውን ከቀሩ በኋላ ነው። እሷ በልብስ መቀሷ ፎም ትቆርጣለች፣ ትለጥፋለች፣ ሽቦ ትዘረጋለች፤ እሱ ያበራል። እሑድ እሑድ ከተዘጋው የጡብ ፋብሪካ ጀርባ ያለው ሜዳ ይወጣሉ፤ ሌሎችም አሉ፣ ጡረተኞች፣ መካኒኮች፣ ከሚስታቸው የሸሹ። ግራምም አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፣ የሰው አውሮፕላን በእጁ እያነሳ «ከብዳለች» ለማለት።

ሹካዋ ከመገዛቷ በፊት አንድ ሰሞን አውሮፕላኗ አየር ላይ ትንገጫገጭ ጀመር። ቀጥ ብላ መሄድ ትታ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። «ጭራዋ ታማለች፣» አለ ወንድምየው። ልብስ ሰፊዋ ማጠፊያውን ቀየረች፤ ያው ነው። ሽቦውን ቀየረች፤ ያው ነው። ሰርቮ የምትባለዋን፣ ጭራዋን የምታንቀሳቅሰውን ትንሽ ሞተር ቀየረች፤ ያው። በመጨረሻ አንድ እሑድ «እስቲ አንቺ ያዢያትና እኔ ከታች ልያት» ብሎ ሪሞቱን ሰጣት። አውሮፕላኗ በሷ እጅ በክር እንደተሰመረ ቀጥ ብላ ሄደች። ወንድምየው መጀመሪያ ወደላይ አየ። ቀጥሎ አውራ ጣቱን አየ። ዕቃውን ሰብስቦ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ምላጩ መሳቢያ ገባ፣ ከፎጣዎቹ ሥር። እዚህ ላይ ማወቅ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ ፀጉር መቁረጥማ ቶንዶስ የያዘ ሁሉ ይቆርጣል። የዚህ ሰው ስም ምላጩ ነበር። ጢም ለመላጨት ብቻ ከሌላ ሰፈር ድረስ ይመጡለት ነበር፤ ወንበሩ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳቸውም ነበሩ። ሐኪም ዘንድ ሄዶ እጅ የሚያንቀጠቅጥ፣ ረዥም ስም ያለው በሽታ ተነገረው። መድኃኒት ተሰጠው፤ «ይኼ ነገር ጠቅልሎ አይሄድም፣ ግን አብሮ መኖር ይቻላል» ተባለ። የጎማ ኳስ እየጨመቀ እጁን እንዲያፍታታም ተመከረ። የሐኪሙን ቃል ግን ከቁብ አልቆጠረውም። «ሐኪም ሰው ነው፣ ይሳሳታል፣» አላት። «ጭራ ግን አትዋሽም። ለኔ የነገረችኝ እሷ ናት። ይድናል ካለችም የማምነው እሷን ነው።»

ከዚያ በኋላ ሰውየው መክሳት ጀመረ፤ ሥጋው ሳይሆን ወሬው። ድሮ ደንበኛ አስቀምጦ ሀገር ምድሩን የሚያማ ሰው ቶንዶሱን ብቻ እያስጮኸ ይውላል። እሑድ ሲመጣ ጥርት ያለውን ሰማይ አንጋጦ «ዝናብ ሳይመጣ አይቀርም» ይላል። ልብስ ሰፊዋ ይህን ሁሉ በመሃሉ በር ታያለች። ወንድሟ በቁሙ እያለቀ ነው። «ጋሼ፣ አውሮፕላኗን ለእጅህ እንዲመች ላስተካክልልህ» ብትለው ምን እንደሚል ታውቃለች። መንገድ ሲሻገር ክንዱን ቢይዙት እዚያው መሃል መንገድ ላይ የሚገተር ሰው ነው፤ መኪና ሁሉ ጡሩምባ ቢነፋበት ንቅንቅ አይልም።

ስለዚህ ሳትነግረው አደረገችው። ተራውን ሽቦ አውጥታ ከግራም የገዛቻትን ሹካ አስገባች፤ ባትሪዋንም ወደፊት ገፋች። ሹካዋን መጀመሪያ መሃል ላይ ባለው ቀዳዳ ሰካቻት፤ ለምና አባብላ ሜዳ አወጣችው። አውሮፕላኗ መንገጫገጯ ቀንሷል። «ነፋስ ስለሌለ ነው፣» አለ። በሌላው እሑድ ነፋስ ነበረ፤ አሁንም ደህና ናት። እሷ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ሹካዋን ወደ ውጪኛው ቀዳዳ አሻግራ፣ ጭራዋ ተስተካክላ እንድትተኛ አንድ ዙር አዙራታለች። ጠባብ ቀሚስ እንደማስፋት ነው፤ አንድ ጊዜ ብዙ ከለቀቁት ያስታውቃል፣ በጥቂት በጥቂቱ ከሆነ ለባሹ ራሱ የከሳ ይመስለዋል።

«ሚጣ! አየሻት? ኧረ እያት!» ወንድምየው ሜዳው መሃል ቆሞ ይጮሃል። «ኳሷ ናት! እንዴት እንደሠራች አየሽ!»

«አየሁ ጋሼ።»

«ሐኪሙ ይምጣና ይያት!»

ከዚያ ወዲያ ማን ይቻለው! ኳሷ ከእጁ አትለይም። ፀጉር ቤቱን ሲጠርግ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ እንደሆነ ለጎረቤት አይበጅም፣ ልብስ ሰፊዋ ግን የስፌት መኪናዋን አቁማ ታዳምጠዋለች። ሐሜቱም ተመልሶ መጣ። ሻይ ሲጠጣ ብርጭቆው ከሳህኑ ጋር ይንጫጫል፤ «ይኼ ሳህን ወልጋዳ ነው» ይላል። ሰው ተስፋ ሲያድርበት ዓይኑን ማመን ያቆማል፤ እሱ ደግሞ ጭራዋ መስክራለታለች። ልብስ ሰፊዋም ምስጢሯን ያዘች። ደስ ብሏት ነበራ! ወንድሟን መልሳ ያገኘች መስሏት ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በመሃሉ በር በኩል ድሮ የምታውቀው ድምፅ መጣ፤ ምላጭ ቆዳ ላይ ሲመላለስ። ብድግ ብላ ሄደች። ወንድሟ ምላጩን እየሳለ ነው።

«ምን ልትሠራበት ነው ጋሼ?»

«ምን ይሠራበታል? ቅዳሜ ዳኛውን ልላጨው ነዋ!»

ዳኛው ጡረተኛ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ችሎት ላይ ተቀምጦ ማንንም ምስክር ሳያምን የኖረ ሰው፣ አንገቱን ያመነው ለዚህ ፀጉር አስተካካይ ብቻ ነው። ምላጩ መሳቢያ ከገባ ጀምሮ «ሌላ እጅ አይነካኝም» ብሎ ጢሙን አሳድጎ ደረቱ አድርሶታል። አሁን ግን እሑድ የልጁ ሠርግ ነው፤ ልጁ ደግሞ «አባባ፣ በዚህ ጢም ከጎኔ አትቆምም» ብላዋለች። የሴት ልጅ ፍርድ ይግባኝ የለውም። ዳኛው መጥቶ ሲጠይቅ ወንድምየው ሳያቅማማ «ይምጡ፣ እጄ ተመልሷል» ብሎታል።

«በቶንዶስ አታሳጥርለትም?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ለሠርግ? በግ ነው እንዴ ሰውየው?»

«እጅህ ግን…»

«እጄ ምን ሆነ? አንቺ ራስሽ ያየሽው ነው እኮ! እሑድ እንዴት እንዳሳረፍኳት አላየሽም? ሣሩን እንኳ አላስደነገጠችውም።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ክፍሏ ተመልሳ ተቀመጠች። የጀመረችውን ኮሌታ ገልብጣ ሰፋችው፣ ፈታችው፣ እንደገና ገልብጣ ሰፋችው። ሐሙስ ልትነግረው ተነስታ በሩ ጋ ስትደርስ ሲያንጎራጉር ሰምታ ተመለሰች። ዓርብ እለት ምላጩን ለመደበቅ አሰበች፤ ደብቃ የት ትደርሳለች፣ አዲስ ይገዛል። እሷ የምትቆርጠው ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ቢበላሽ ይጣፋል። ይኼ ግን የሰው ጉሮሮ ነው። ጉሮሮው እንኳ ቢተርፍ፣ የዳኛውን ፊት የቧጨረ እጅ ከዚያ በኋላ ቶንዶስም አይይዝ። ፈራች። ሁለቱንም ፈራች፤ መናገሩንም ዝም ማለቱንም። ዓርብም እንዲሁ መሸ።

ቅዳሜ ዳኛው መጣ። ወንበሩ ላይ ተዘረጋ፣ ነጩ ጨርቅ አንገቱ ላይ ታሰረለት፣ ጢሙ በቶንዶስ አጠር ተደረገ፣ ትኩስ ፎጣ ተደረገለት፣ ሳሙናው ተቀባ። ወንድምየው እያወራ፣ እየሳቀ፣ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ምላጩን ከፈተ። በዚህ ጊዜ ነው ልብስ ሰፊዋ በመሃሉ በር አውሮፕላኗን አቅፋ የገባችው። ፕሮፔለሯን አስቀድማ ነቅላታለች። ባዶው ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

«ጋሼ፣ ቆይ።»

«ምን ሆንሽ ሚጣ? ሰው ላይ ነኝ እኮ!»

«ምላጩን አስቀምጥና ይቺን ያዝ።» ሪሞቱን ዘረጋችለት።

«አብደሻል እንዴ?»

«አዎ፣ አብጃለሁ። በሞትኩት ጋሼ፣ ያዝ።»

በሞትኩት ስትል ሰምቷት አያውቅም፤ ምላጩን መደርደሪያው ላይ አኑሮ ሪሞቱን ተቀበላት። አውራ ጣቱን ከመሪዋ ዘንግ ላይ አሳረፈ። ጭራዋ ቀስ ብላ እንደሚተነፍስ ሰው ከፍ ዝቅ ትላለች እንጂ ሌላ የለባትም። «ይኸው፣» አለ ኮራ ብሎ፣ ዳኛውም እንዲያይለት ፈልጎ። «ይኸው ጸጥ ያለች ናት። ምን ልታሳይኝ ነው?»

«ስማት እስቲ።»

ሰማት። ጭራዋ ጸጥ ብትልም ሆዷ ውስጥ ያለችው ትንሿ ሞተር ጢር፣ ጢር፣ ጢር ትላለች። ሜዳ ላይ በፕሮፔለርና በነፋስ ድምፅ ተውጦ ይህ ተሰምቶት አያውቅም። አውራ ጣቱን አነሳ፤ ዝም አለች። መልሶ አሳረፈ፤ ጢር፣ ጢር።

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ የሹካዋን አፍ በጥፍሯ ፈልቀቅ አደረገች፤ ከውጪኛው ቀዳዳ ነቅላ ሥሩ ጋ ባለው ሰካቻት። የሸሚዝ ቁልፍ የመቆለፍ ያህል እንኳ አልፈጀባትም። ጭራዋ መርገፍገፍ ጀመረች። ፎሙ ከወንበሩ ቆዳ ጋር እየተጋጨ ይንኳኳል፤ አውሮፕላኗ በተቀመጠችበት ትንቀጠቀጣለች። ወንድምየው ወደ ወንበሩ ቀረብ አለ። ጣቱን አነሳ፤ ቆመች። መለሰው፤ ያው ተርገፈገፈች። ይህን ደጋግሞ አደረገው። ዳኛው ከሳሙናው ውስጥ በዓይኑ ብቻ ይከታተላል፤ እጁን ከጨርቁ ሥር አውጥቶ ጉሮሮውን ዳበስ አደረገ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ ወንድምየው።

«ሹካዋን ከገዛሁ ጀምሮ።»

«ኳሷስ?»

«እንጃ። ኳሷ ምንም አላደረገችም ጋሼ።»

«እኔ ሜዳ ላይ እንደ ሕፃን ስጮህ ቆመሽ ታይኝ ነበር?»

«አይህ ነበር። ደስ ይለኝ ነበር።» የአውሮፕላኗን ክንፍ ያዝ አደረገች። «ደስ ስላለኝ ነው ያልነገርኩህ።»

ወንድምየው ሪሞቱን አስቀመጠ። ምላጩን ከመደርደሪያው አንስቶ አጠፈውና መሳቢያው ውስጥ፣ ከፎጣዎቹ ሥር መለሰው። የዳኛውን ፊት በእርጥብ ፎጣ ጠረገለት። ቶንዶሱን አንስቶ እስከ ቆዳው ድረስ አወረደለት፤ እጁ ቢንቀጠቀጥም ቶንዶስ ይታገሳል። ዳኛው ተነስቶ መስታወት ፊት ቆመና አገጩን እያሻሸ «ሽፍታ መስያለሁ፣» አለ። ማንም አልሳቀለትም። ባርኔጣውን አንስቶ በር ላይ ሲደርስ ዞር አለና ለልብስ ሰፊዋ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳ፤ አንገቱ ስለተረፈለት።

ዳኛው እንደወጣ ወንድምየው አውሮፕላኗን አንስቶ ወደ ራሱ ዕቃ መደርደሪያ ወሰዳት። ልብስ ሰፊዋ ወደ ክፍሏ እንደተመለሰች የመሃሉን በር ዘጋው። በሩ ተዘግቶ ስለማያውቅ መዝጊያው አብጦ እምቢ ብሎት ነበር፤ በትከሻው ገፋው። ልብስ ሰፊዋ ከወዲህ በኩል ቆማ ይህን ሁሉ ሰማች። ከዚያ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ የሱ ቶንዶስና የሷ መኪና ግድግዳውን ተካፍለው እየጮሁ ዋሉ።

እሑድ ሲደርስ ይመጣል አይመጣም እያለች ወደ ሜዳው ብቻዋን ወጣች። ቀድሟት ደርሷል። አውሮፕላኗን አነሳችና ጭራዋን አየች። ሹካዋ የለችም። በቦታዋ ተራ ሽቦ ገብቷል፣ ለሥሩ በሚቀርበው ቀዳዳ። ያጠፈው ራሱ ነው፤ መታጠፊያው ጠማማ፣ ፒንሳው እየተንሸራተተ የቧጨረው ሁሉ ያስታውቃል። ምን ያህል እንደታገለው ሽቦው ራሱ ይናገራል።

«አሁን ማንም አያዛውራትም፣» አለ ሳያያት።

«ጋሼ፣ በዚህ ትሰበራለች።»

«ትሰበር።»

አስነሳት። አውሮፕላኗ ስካር እንደያዘው ሰው ሜዳውን ዞረች፤ ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ። ሌሎቹ የየራሳቸውን ዕቃ የሚያስተካክሉ መስለው ፊታቸውን አዞሩ። ሊያሳርፋት ሲል ጭራዋ አጉል ሰዓት ላይ ብድግ አለችና አፍንጫዋ መሬቱን ወጋ። ሄዶ አነሳት፤ ፎሙ ተጨማድዷል፣ ፕሮፔለሯ የለም።

«ይኸው፣» አለ። «እውነተኛዋ ይቺ ናት።»

«ብነግርህ እምቢ ትለኝ ነበር።»

«እል ነበር።»

«ለዚህ ነው እኮ ያልነገርኩህ!»

አሁን አያት። የተቆጣ ፊት ጠብቃ ነበር፤ ያየችው ግን የደከመ ሰው ፊት ነው። «እምቢታውም የኔ ነበር፣ ሚጣ፣» አለ።

አፍንጫዋ የተጨማደደችውን አውሮፕላን ከእጁ ተቀበለቻት፤ እሱም ለቀቀላት። ያን ሳምንት በስፌት መካከል ፎሙን አቃንታ ለጠፈችው፣ አዲስ ፕሮፔለር አሰረችለት፤ ጭራዋን ግን አልነካችም። ጠማማው ሽቦ እንዳለ ይቀመጥ ብላ ተወችው። እጇ ብዙ ጊዜ ወደዚያ ሄዷል፣ መልሳዋለች።

በሳምንቱ መጨረሻ አካባቢ የመሃሉ በር ተንቋቋ። አንዴ ተገፋ፣ እምቢ አለ፤ ሁለተኛ ሲገፋ ተበረገደና ወንድሟ ገባ። ከግራም ሱቅ የመጣች ትንሽ ጥቅል ይዟል። የምትቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ያለውን ጨርቅ ወደጎን ገፍቶ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ፒንሳ ስጪኝ።»

ሰጠችው። አውሮፕላኗን ወደ ራሱ ስቦ ጠማማውን ሽቦ ቆርጦ አወጣ። አዲሱን፣ ጥርስ ያለውን፣ ለማስገባት ከቀዳዳው ጋር ብዙ ታገለ። ሹካዋን ሊጠመዝዛት ሲል አምልጣው ወደቀችና ጠረጴዛው ሥር ገባች። ልብስ ሰፊዋ ልታነሳት ብድግ ካለች በኋላ መልሳ ተቀመጠች፤ እጆቿን ጭኗ ሥር አደረገቻቸው። ወንድሟ ተንበርክኮ፣ የክር ቁርጥራጩን እየዳበሰ ፈልጎ አገኛት። እንደገና ወደቀች። እንደገና አገኛት። አንዴ ሰደባት፤ ስድቡ ለፕላስቲክ ይበዛ ነበር። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ። በመጨረሻ የሽቦውን ጥርስ ይዛ ዞረች፤ አፏን ፈልቅቆ ቀንዱ ላይ አስጠጋት። ከሥሩ ያለውን ቀዳዳ አለፈው። መሃለኛውንም አለፈው። ጫፍ ላይ ያለው ውጪኛው ጋ ሲደርስ ቀጭ ብላ ገባች።

«አንድ ዙር ይበቃታል?» ብሎ ጠየቃት።

ልብስ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ ጭራዋን አየች። «ግማሽ ጨምርላት፣» አለች።

ጨመረላት።

እሑድ ሜዳው ሙሉ ነበር። አውሮፕላኗ ሄደች፣ ዞረች፣ ነፋስ ቢመታትም ሳትደናገጥ ተመለሰች። ሌሎቹ አሁን ፊታቸውን አላዞሩም፤ አንገታቸውን ሰብቀው ያያሉ። ግራም በጎኑ እየተራመደ ሰዉን አልፎ መጣና ወንድምየው አጠገብ ቆመ። ሽቅብ አይቶ፣ አይቶ፣

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህ ድኗል ማለት ነዋ!» አለ።

ልብስ ሰፊዋ ቀና አለች። ወንድሟ ዓይኑን ከሰማዩ ሳያነሳ፣ አውራ ጣቱ እየተንቀጠቀጠ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማው ጮክ ብሎ መለሰለት።

«አልዳነም። ቀዳዳ ቀይሬ ነው።»